ስሙ ያው፣ ባሩዱ ሌላ፦ ጥይት ስሞላ ያየሁት

ኮምቦልቻ ከተመለስኩ ወዲህ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ይጠይቀኛል። "ይሄ ጥይት ቆይቷል፣ ይሠራል?" ይለኛል። አንዳንዱ ካባቱ የወረሰው ነው። አንዳንዱ ፈቃድ ያለው መሣሪያ አለው፣ ጥይቱን መቼ እንደገዛው ግን አያስታውስም። እኔን የሚጠይቁኝ አሜሪካ ሳለሁ ጥይት እሞላ እንደነበር ስለሰሙ ነው። ለእያንዳንዱ ቆሜ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና የፈለገ ያንብበው ብዬ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የኖርኩት ኮሎራዶ ነው፣ ዴንቨር አካባቢ። እዚያ የዒላማ ተኩስ ስፖርት ነው። ሰው በዕረፍት ቀኑ ክለብ ይሄዳል፣ ወረቀት ላይ ይተኩሳል፣ ቀለሁን ለቅሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቀለሁን ያጸዳዋል፣ ቅርጹን ያስተካክላል፣ ከቂጡ አዲስ መለኮሻ ይተክላል፣ ባሩድ መዝኖ ይጨምራል፣ አረሩን ከላይ ይገጥማል። ሕጋዊ ነው፣ ዕቃውም በሱቅ ይሸጣል። እዚህ ግን መሣሪያም ጥይትም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚተዳደር፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። እኔም ከመጣሁ ወዲህ አንዲት ጥይት አልሞላሁም። ስለዚህ "ቤታችሁ ሞክሩት" እያልኩ አይደለም። ውጭ ሆናችሁ ይህን ስፖርት የጀመራችሁ የወሎ ልጆች አላችሁ፤ እየደወላችሁ የምትጠይቁኝ እናንተ ናችሁ። ለእናንተ በቀጥታ ይጠቅማችኋል። እዚህ ላለው ደግሞ የቆየ ጥይት ለምን እንደማይታመን ያሳየዋል።

ብዙ ሰው ባሩድ ሲባል አንድ ነገር ይመስለዋል። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጥቁር ባሩድ ነው፤ ከሰል፣ ድኝና ፖታሲየም ናይትሬት ተደባልቀው የሚሠራ። የውጅግራ ዘመን ባሩድ ይሄ ነው። ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዮቹ የ1874 ጠመንጃ ሲሆን (የውጭ አገር ታሪክ ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። ሁለተኛው ጭስ አልባው ነው። ፖል ቪዬይ የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1884 ሠራው፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1886 ፈረንሳይ ለዚሁ ባሩድ የሚሆን አዲስ ጠመንጃ ለሠራዊቷ አወጣች። የዛሬ ጥይት በሙሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ዘር ነው። ዋና ነገሩ ናይትሮሴሉሎስ ነው፣ ማለትም በአሲድ የታከመ ጥጥ ወይም የእንጨት ጭረት። አንዳንዱ ናይትሮግሊሰሪንም ይጨመርበታል።

ይህን ልዩነት ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጥቁር ባሩድ ድብልቅ ነው። ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ በጣም ረጅም ዘመን ይቆያል፤ ጠላቱ እርጥበት ነው። ጭስ አልባው ግን ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ቀስ እያለ ራሱን እየበላ ነው የሚኖረው። ማንም ባይነካው፣ ደረቅ ቦታ ቢቀመጥም ያው ነው። ፍጥነቱ ይለያያል እንጂ አይቆምም። የሽማግሌዎቹን "ባሩድ አይሞትም" የሚል ወሬ የሰማችሁ ካላችሁ፣ ስለ ጥቁሩ ከሆነ ልክ ናቸው። ስለ ዛሬው ከሆነ ግን አይሠራም። እግረ መንገዴን፣ የአያቱ ውጅግራ ግድግዳ ላይ የተሰቀለለት ሰው ካለ ጭስ አልባ ባሩድ ከዚያ ጠመንጃ ጋር በፍጹም አይገናኝም። ግፊቱ ብረቱ ከሚችለው በላይ ነው፣ ፊት ላይ ይፈነዳል።

አሁን ወደ ባቹ ልምጣ (ሎትም ይባላል፤ በአንድ ዙር የተመረተ ባሩድ ማለት ነው)፤ ሰው በጣም የሚንቀው ይሄን ነው።

እኔ ስጀምር የማስበው እንዲህ ነበር። ስሙ ያው የሆነ ባሩድ፣ ከያው ፋብሪካ፣ በያው መጠን ከተሞላ ያው ጥይት ይሆናል። ክለቡ ውስጥ ያስተማረኝ አንድ ጡረተኛ ሰውዬ ነበር። የባሩድ ዕቃ በያዘ ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው ስሙን ሳይሆን ከታች በትንሹ የታተመውን የሎት ቁጥር ነው። ነገር ማክበድ መስሎኝ ነበር። በኋላ እኔው በዓይኔ አየሁት። የያዝኩት አለቀና ያንኑ ስም ያለው አዲስ ዕቃ ከፈትኩ። እሱ እንዳስተማረኝ ከነበረኝ መጠን ዝቅ አድርጌ ጀመርኩና ክሮኖግራፍ በሚባለው የፍጥነት መለኪያ ፊት ተኮስኩ። ዝቅ ያደረግኩት ጥይት የቀድሞውን ሙሉ መጠን ፍጥነት ሊደርስበት ትንሽ ነው የቀረው። መጠኑን ከፍ እያደረግኩ ወደ ድሮው ስደርስ አረሩ በሴኮንድ 60 ጫማ ገደማ ጨምሮ ይወጣል። በሜትር 18 ማለት ነው። ጠመንጃው ያው፣ አረሩ ያው፣ መለኮሻው ያው፣ አየሩም ያው። የተቀየረው ሎቱ ብቻ ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ባሩድ የሚጀምረው ከዕፅዋት ነው። ጥጡ በየጊዜው እኩል አይሆንም። አሲዱ የነካበት መጠን፣ በኋላ የቀረው እርጥበት፣ እንደ ፓስታ በቀዳዳ ተጨምቆ ሲቆረጥ የፍሬው ውፍረት፣ ላዩ ላይ የሚለበጠው የማዘግያ ኬሚካል፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይለያል። እናቶቻችን አዲስ ጤፍ ሲገባ ውሃውን በድሮው ልክ አይጨምሩም፤ ዱቄቱ ምን ያህል ውሃ እንደሚጠጣ በትንሹ ቡኮ ያዩና ነው ሙሉውን የሚያቦኩት። ባሩድም የሚፈልገው ይህንኑ ጥንቃቄ ነው። ልዩነቱ ይሄኛው ሲሳሳቱበት ዓይን ያወጣል።

ፋብሪካውም ይህን ያውቃል። በየጊዜው የሚያመርተውን ባች ይፈትናል። ፈጥኖ የሚቃጠለውን ከሚዘገየው ጋር ደባልቆ በሱቅ ለሚሸጠው ወደ ተቀመጠው ልክ ያመጣዋል። ስለዚህ የሱቁ ባሩድ ልዩነቱ ጠባብ ነው፣ ግን ዜሮ አይደለም። ለጥይት ፋብሪካዎች በብዛት የሚሸጠው ግን እንዲህ አይስተካከልም። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ለእነሱ ችግር የለውም፤ ግፊት የሚለካ መሣሪያ አላቸው፣ ሎት በተቀየረ ቁጥር መጠኑን ይቀይራሉ። ሁለት ፓኬት ያው የሆነ የፋብሪካ ጥይት ብትገዛ ውስጡ ያለው የባሩድ ክብደት ሊለያይ ይችላል፣ ዓይነቱም ጭምር። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያስበው አንድ አደገኛ አቋራጭ ያለው። የፋብሪካ ጥይት ፈቶ ባሩዱን ይመዝንና "በቃ፣ ልኩ ይሄ ነው" ይላል። ያ ክብደት ለዚያ ሎት ብቻ ነው ልክ የሆነው። ሱቅ ገብተህ የሚመስለውን ባሩድ ገዝተህ ያንን ክብደት ብትሞላ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። ባሩድን ደግሞ በመልክ ብቻ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። አብዛኛው ጥቁር ግራጫ ፍሬ ነው። በዓይን "ይሄ የዚያ ዓይነት ነው" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እሱ በሞላው ጥይት አትተኩሱ።

ስምም ያሳስታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብሩስ ሆጅደን የሚባል አሜሪካዊ መንግሥት የተረፈውን ባሩድ በርካሽ ሲሸጥ በብዛት ገዛና ለሞሊዎች መሸጥ ጀመረ። አንደኛው ለ20 ሚሊ ሜትር መድፍ የተሠራ ነበር፤ 4831 ይባላል። በኋላ ሌላ አምራች ያንኑ 4831 የሚለውን ቁጥር ይዞ አዲስ ባሩድ አወጣ። ፊደሉ ይለያል፤ የሆጅደኑ ኤች 4831 ነው፣ የሌላው አይኤምአር 4831። ሁለተኛው ፈጥኖ ይቃጠላል። በመጀመሪያው የተጻፈ መጠን በሁለተኛው ከተሞላ ግፊቱ ከልክ ያልፋል። ዛሬም የመሙያ መጻሕፍት ይህን ያስጠነቅቃሉ። ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ብቻ አንድ ነው ብሎ ማሰብ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አስቡት፤ በተለይ መጠኑን ከጓደኛው በስልክ ለሚጠይቅ ሰው።

ስለዚህ ውጭ ላላችሁት የምለው ይሄ ነው። አዲስ ዕቃ ስትከፍቱ፣ ስሙ ያው ቢሆንም፣ ከነበራችሁ መጠን 10 በመቶ ያህል ዝቅ ብላችሁ ጀምሩና ትንሽ በትንሽ ውጡ። በየደረጃው ቀለሁን እዩት። መለኮሻው ከወትሮው ይበልጥ ተደፍጥጦ ከሆነ፣ የጠመንጃው መቀርቀሪያ አልነሳ ካለ፣ ቀለሁ ላይ ስንጥቅ ወይም የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ካለ ቁሙ። "ድሮ ከዚህ በላይ እሞላ ነበር" ብሎ መቀጠል አያዋጣም። ድሮ የሞላችሁት ሌላ ሎት ነው። የሎት ቁጥሩን፣ የከፈታችሁበትን ቀን፣ የተኮሳችሁበትን የአየር ሙቀት ደብተር ላይ ጻፉ። ትልቅ ዕቃ ወይም ብዙ ዕቃ ከአንድ ሎት መግዛት ከቻላችሁ ግዙ፤ ብዙ ጊዜና ብዙ ራስ ምታት ይቆጥባል። ሁለት የባሩድ ዓይነት አንድ ዕቃ ውስጥ መደባለቅ ፈጽሞ አይታሰብም። ጠረጴዛ ላይ በአንድ ጊዜ ከአንድ ዕቃ በላይ አታስቀምጡ። ሲጨርሱ የቀረውን ወደ ራሱ ዕቃ መመለስ እንጂ የመስፈሪያው ማሽን ውስጥ ትቶ ማደር አይገባም፤ ጠዋት ምን እንደነበረ በእርግጠኝነት የሚያስታውስ የለም።

ስለ መስፈሪያው አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው በየጥይቱ አይመዝንም። በቦታ የሚሰፍር ማሽን አለ፤ አንዴ ይስተካከልና እጀታውን እየሳቡ መሙላት ነው። ሎት ሲቀየር ግን ፍሬው የሚይዘው ቦታም ትንሽ ይቀየራል። ማሽኑን ሳትነኩት ያው መስፈሪያ ሌላ ክብደት ያወርዳል። ባሩዱ ትንሽ ፈጣን ከሆነና መስፈሪያውም ትንሽ አብዝቶ ካወረደ ሁለቱ ተደምረው አደጋ ናቸው። ስለዚህ ሎት በተቀየረ ቁጥር ማሽኑን በሚዛን እንደገና ማስተካከል የግድ ነው። ሚዛኑ የሚቆጥረው በግሬን ነው። አንድ ግሬን ከ0.065 ግራም ያንሳል፤ በዚህች መጠን ነው እንግዲህ የምንጫወተው።

አሁን ዕድሜ። ከደሴም ከኮምቦልቻም የሚመጣው ጥያቄ በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

ናይትሮሴሉሎስ ሲፈራርስ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ከእርጥበት ጋር አሲድ ይሆናል። አሲዱ ደግሞ ተመልሶ ናይትሮሴሉሎሱን ይበላና መፈራረሱን ያፋጥነዋል። ይህን የሚያዘገይ፣ ማረጋጊያ የሚባል ነገር በፋብሪካ ይጨመራል። ዳይፌኒላሚን አንዱ ነው። ሥራው ያንን ጋዝ እየያዘ ማስቀረት ነው። ግን እሱም እየሠራ ያልቃል። ሲያልቅ የሚከላከል የለም፣ መፈራረሱ ራሱን እያቀጣጠለ ይሄዳል፣ ሙቀት ይፈጥራል፣ ብዛት ያለው ባሩድ ከሆነ ማንም ሳይለኩሰው ሊነድ ይችላል። ይህ ተረት አይደለም። ኢዬና የምትባል የፈረንሳይ የጦር መርከብ በ1907፣ ሊበርቴ የምትባለው ደግሞ በ1911፣ ሁለቱም ቱሎን ወደብ ላይ ቆመው ሳለ ፈነዱ። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ሞተ። ምክንያት ተብሎ የተያዘው በመርከቦቹ ውስጥ ተከማችቶ የተበላሸው የቪዬይ ባሩድ ነው። ያን ጊዜ ማረጋጊያው እንደ ዛሬው አልነበረም። ዛሬ ሠራዊቶች ያከማቹትን ባሩድ በየጊዜው ናሙና እየወሰዱ በላቦራቶሪ የቀረውን ማረጋጊያ ይለካሉ፤ ሲያንስ ያስወግዱታል። እኔና እናንተ ግን ላቦራቶሪ የለንም።

የሚያፋጥነው ሙቀት ነው። ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር የመፈራረሱ ፍጥነት እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። እስቲ የኛን ቤት አስቡት። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ቀን ይሞቃል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ኮርኒሱ ላይ የተቀመጠ ሳጥን በግንቦት ፀሐይ ምን ያህል እንደሚግል እጁን የከተተ ያውቃል። ማታ ይበርዳል፣ ጠዋት እንደገና ይግላል። ሐረጎን ወጥተህ ደሴ ስትገባ ደግሞ ሌላ ነው። ከፍታው 2500 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ብርድ አለ፣ ለባሩድ ብርዱ ደግ ነው፤ ግን የክረምቱ ጉምና ዝናብ፣ የጭቃ ቤቱ ግድግዳ እርጥበት፣ አልጋ ሥር የተቀመጠ ሳጥን ሻጋታ። ጥይት አንዱ ቤት በሙቀት ይበላል፣ ሌላው ቤት በእርጥበት።

እዚህ ላይ በጣም የተለመደ አንድ አስተሳሰብ አለ፤ ላስተካክለው። "ያረጀ ባሩድ ቢበዛ ይደክማል እንጂ ምን ያመጣል" ይባላል። ሊደክም ይችላል፣ አዎ። ግን ሊብስበትም ይችላል። ባሩድ በተፈጥሮው ውስጡ ትንሽ እርጥበት ይዞ ነው የሚወጣው። ደረቅና ሞቃት ቦታ ክዳኑ ላልቶ ከቆየ ያ እርጥበት ይወጣል፤ የደረቀ ባሩድ ደግሞ ፈጥኖ ይቃጠላል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ይህን ዴንቨር ላይ በደንብ ነው ያየሁት፤ አየሩ በጣም ደረቅ ነው፣ በዚያ ላይ ክረምት ላይ ቤቱ በማሞቂያ ይደርቃል። ክዳኑን ከፍቶ የሚረሳ ሰው ከወራት በኋላ ሌላ ባሩድ ነው የሚያገኘው። በተቃራኒው እርጥበት የጠጣ ይዘገያል። ፍሬው ላይ የተለበጠው ማዘግያም በዘመን ብዛት ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ስለሚሰርግ፣ መጀመሪያ ላይ ቀስ ብሎ መያዝ የነበረበት ፍሬ ቦግ ሊል ይችላል። እንግዲህ አንድ የቆየ ጥይት ደክሟል ወይስ በርትቷል? ሳይተኮስ የሚያውቅ የለም። ከአንድ ሳጥን የወጡ ሁለት ጥይቶችም እኩል ላያረጁ ይችላሉ።

የተበላሸ ባሩድ ምልክት አለው፣ ሁልጊዜ ባይሆንም። ደህናው ሲከፈት ቀለል ያለ፣ አልኮል አልኮል የሚል ሽታ አለው። የተበላሸው ይኮመጥጣል፣ አፍንጫ ይቆነጥጣል። የዛገ ብረት የሚመስል ቀይ ቡናማ ብናኝ ይታይበታል። አንዳንዴ ክዳኑ ሲነሳ ቡናማ ጭስ ይወጣል፤ ያን ካያችሁ ቤት ውስጥ የሚቆይ ነገር አይደለም፣ እዚያው ወደ ውጭ ነው። ጥይት ላይ ደግሞ ከአረሩና ከቀለሁ መገናኛ አካባቢ አረንጓዴ ዝገት ይወጣል። ከውጭ የመጣ እርጥበትም ሊያመጣው ይችላል፣ ግን ከውስጥ የሚወጣው አሲድም ናሱን እንዲሁ ነው የሚበላው። ቀለሁ ይሳሳል፣ ሲተኮስ ይሰነጠቃል፣ የጋለው ጋዝ ወደ ኋላ ወደ ተኳሹ ፊት ይመጣል። ምልክት ከሌለ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም። ማረጋጊያው አልቆ መልኩ ያልተለወጠ ባሩድ አለ።

ስለ አቀማመጥ፣ ውጭ ላላችሁት። ባሩድ በመጣበት ዕቃ ይቀመጥ። ፋብሪካው ያንን ዕቃ የመረጠው እሳት ቢነካው ቶሎ ተከፍቶ እንዲነድ እንጂ ታፍኖ እንዲፈነዳ አይደለም። ጥብቅ የብረት ሳጥን ውስጥ የታፈነ ባሩድ ቦምብ ማለት ነው። የአሜሪካ የእሳት አደጋ ደንብ መኖሪያ ቤት ውስጥ እስከ 20 ፓውንድ በራሱ ዕቃ ይፈቅዳል፤ ከዚያ እስከ 50 ከሆነ ግድግዳው 1 ኢንች የሆነ የእንጨት ሳጥን ይጠይቃል። ጋራዥና መኪና ውስጥ አታቆዩ፣ ሙቀቱ ይገለዋል። የገዛችሁበትንም የከፈታችሁበትንም ቀን ዕቃው ላይ ጻፉ፤ የቀደመው ቀድሞ ይለቅ። የተጠራጠራችሁትን አትሸጡ፣ ለጀማሪ ጓደኛም አትስጡ። እዚያ ሰዉ ትንሽ ከሆነ ሣር ላይ ስስ አድርጎ ይበትነዋል፤ ናይትሮጅን ስላለው ማዳበሪያ ይሆናል።

እዚህ ላላችሁት ደግሞ ሌላ ነው የምለው።

የደሴ ጎረቤቴ የነበሩ አንድ ጋሼ አሉ። አንድ ቀን ሲደውሉ "ልጄ፣ ጥይቷ እርጥበት ገብቷት ነው መሰለኝ፣ ፀሐይ ላይ ባሰጣት ይሻላት ይሆን?" አሉኝ። ሌላ ሰው ደግሞ ምድጃ አጠገብ ማድረቅ ይቻል እንደሆነ ጠይቆኛል። አይቻልም። ፀሐዩ የገባውን ውሃ ቢያደርቅ እንኳ የተበላውን ማረጋጊያ አይመልስም፤ ጭራሽ ያፋጥነዋል። ምድጃውንማ ተዉት። ጋሼን "አብሽር፣ እሷን ይተዋት፣ ለፖሊስ ያስረክቧት" አልኳቸው። ትንሽ ቅር ብሏቸው ነበር፤ ዕቃ ነው፣ ገንዘብ የወጣበት ነው፣ ይገባኛል።

የቆየ ጥይት ሲተኮስ ሦስት ነገር ሊያመጣ ይችላል። አንዱ ዘግይቶ መተኮስ ነው። ምላጩ ይሳባል፣ ጠብ የሚል የለም፣ ሰውዬው ጠመንጃውን አዙሮ አፈሙዙን ያያል ወይም ከጎኑ ወዳለው ሰው ያዞረዋል፣ ያኔ ይተኩሳል። አልተኮሰም ካለ አፈሙዙ ወደ ደህና አቅጣጫ እንደተደገነ ቢያንስ 30 ሴኮንድ መቆየት አለበት፣ ሰውም ከፊትም ከጎንም መራቅ አለበት። ሁለተኛው አረሩ በርሜል ውስጥ መቅረት ነው። ባሩዱ ደክሟል፣ ድምፁ ከወትሮው ያነሰ ነው፣ ገፍቶ አላወጣውም። ሰውዬው ሳያይ ሁለተኛ ይተኩሳል፣ በርሜሉ ይከፈታል። ድምፁ ወይም ግፊቱ እንግዳ ከሆነባችሁ ቁሙ። ሦስተኛው ያልኩት ከልክ ያለፈ ግፊት ነው። ሠርግና ለቅሶ ላይ ወደ ሰማይ ለመተኮስ "አሮጌዋን እንጨርሳት" የሚባለውን ስሰማ ልቤ ይደነግጣል፤ ሰው በተሰበሰበበት፣ ልጅ በሚሯሯጥበት ቦታ በጣም የማይታመነውን ጥይት መርጦ መተኮስ ነው። የተተኮሰው አረርም አንድ ቦታ መውረዱ አይቀርም።

ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ በየማሳው፣ በየጥሻው የተገኘውን ደግሞ ከዚህ ሁሉ ለዩት። የት እንደቆየ፣ ስንት ክረምት እንደወረደበት፣ የጥይት ይሁን የሌላ ነገር የማይታወቅ ብረት ነው። አይነካም፣ አይነሳም፣ በመዶሻም በፒንሳም አይፈታም። ናሱ ሸጦ ገንዘብ ያመጣል ተብሎ ልጆች እንዳይለቅሙት በተለይ እረኛ ልጅ ያላችሁ ቤት አሳስቡ። ቦታውን በድንጋይ ወይም በቅጠል ምልክት አድርጎ፣ ሳይጠጉ፣ ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ መንገር ነው። እሳት ውስጥ መጣልም መፍትሔ አይደለም፤ ቀለሁ ተቀድዶ ስብርባሪው ይበራል።

አንዳንዶች ከቀለሁ ቂጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተው ይልኩልኛል። ጥሩ ነው፣ ብዙ የሚነግር ነገር አለ። የሶቪየት ዘመን የክላሽ ጥይት ብዙውን ጊዜ ከላይ የፋብሪካው ቁጥር፣ ከታች የተመረተበት ዓመት በሁለት አሃዝ ይታተምበታል። 75 ካለ 1975 ነው በፈረንጅ አቆጣጠር። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆነው ማለት ነው። ግን ዓመቱ ዕድሜውን እንጂ አቀማመጡን አይነግረኝም። የ1975ቱ ደህና መጋዘን ቆይቶ ከሆነ ከእሱ በብዙ ዓመት ከሚያንሰውና ኮምቦልቻ ኮርኒስ ላይ ከከረመው ሊሻል ይችላል። ስለዚህ ፎቶ ስትልኩልኝ የት እንደተቀመጠ፣ ከማን እጅ እንደመጣና ሳጥኑ ታትሞ ይሁን ተከፍቶ እንደነበር አብራችሁ ጻፉልኝ። ይህን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የማታውቁ ከሆነ ደግሞ መልሴ ከወዲሁ አይተኮስም ነው።